ሜዳ የሚነጠቀው በሰዓት ነው

በከተማ ፓርክ ውስጥ ያለ ያረጀ ስታዲየም ሊታደስ ነው በተባለ ቁጥር ክርክሩ የሚከፈተው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ዛፍ ይቆረጣል? ተቃዋሚው ከግንዱ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ባለሥልጣኑ የሚተከለውን ችግኝ ቆጥሮ ይመልሳል፣ ጋዜጣው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያትማል፤ አንባቢም ነገሩ በልማትና በዛፍ መካከል የተነሣ ጠብ ነው ብሎ ወገን ይመርጣል። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ዛፍ አያሳስብም ማለቴ አይደለም፤ ያሳስባል፣ እመለስበታለሁ። ነገር ግን የፓርክ ሜዳ ሲታደስ ጎረቤቱ የሚያጣው ትልቁ ነገር በመጋዝ የሚወድቅ አይደለም። የሚያጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን፣ እሑድ ጠዋቱን፣ የበጋውን ምሽት ነው። ዛፍ የሚቆጥር ሰው ይህን ኪሳራ አያየውም። ስለዚህ አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የፓርክ ስፖርት ሜዳ እድሳት መመዘን ያለበት ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠቀምበት በሚወስነው ውል ነው። ውሉ ጎረቤቱን የሚያስከብር ከሆነ እድሳቱን እደግፋለሁ፤ ውል ከሌለ አንድ ዛፍ ባይነካ እንኳ እቃወማለሁ።

የቦስተኑ ክርክር ከየት መጣ?

ሰሞኑን በየከተማው ከሚነሡት ከዚህ ዓይነት ክርክሮች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ በፍራንክሊን ፓርክ የተነሣው ነው። ፓርኩ 527 ኤከር፣ ማለትም 213 ሄክታር ገደማ ይሰፋል። ንድፉን በ1880ዎቹ ያወጣው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው፤ ቀደም ሲል ከካልቨርት ቮክስ ጋር የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው ሰው። ቦስተን ውስጥ «ኤመራልድ ኔክሌስ» እየተባሉ ከሚጠሩት ተከታታይ ፓርኮች ትልቁም የመጨረሻውም ይህ ነው። ዙሪያውን ሮክስበሪ፣ ዶርቼስተር፣ ማታፓንና ጃማይካ ፕሌን የተባሉ ሠፈሮች ከበውታል። በተለይ በሮክስበሪ፣ በዶርቼስተርና በማታፓን የሚኖረው ሕዝብ በብዛት ጥቁር ነው፤ ከተማው ለረጅም ጊዜ ፊቱን ያዞረባቸው፣ አስም ከሌላው የቦስተን ክፍል ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ሠፈሮች ናቸው። ብዙ ቤቶች ግቢ የላቸውም። ለነዚህ ሰዎች ፓርኩ የቤታቸው ቅጥያ ነው፤ ሥጋ የሚጠብሱበት፣ ልደት የሚያከብሩበት፣ ሽማግሌዎች ጠዋት በእግራቸው የሚዞሩበት።

እዚያ ፓርክ ውስጥ ኋይት ስታዲየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ተከፈተ፤ አሥር ሺህ ያህል ተመልካች እንዲይዝ፣ በዋናነት ለከተማዋ ተማሪዎች ውድድር የተሠራ ነው። ስሙን ያገኘው ሀብቱን ለከተማዋ በአደራ ካስቀመጠው ከጆርጅ ሮበርት ኋይት ሲሆን ባለቤትነቱም በሰውየው ስም የተቋቋመው የአደራ ፈንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የመረሳት ታሪክ ነው። ከተመልካች መቀመጫዎቹ አንዱ ወገን በእሳት ተጎድቶ ለብዙ ዓመታት ተዘጋ። የእድሳት ዕቅድ በተለያየ ጊዜ ወጣ፣ ሳይፈጸም ቀረ። ከስታዲየሙ አጠገብ የኦልምስቴድ የድንጋይ መጠለያ ፍርስራሽ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ኤልማ ሉዊስ የተባለችው የሮክስበሪ የጥበብ መምህርት ከተማው የተወውን ይህን ስፍራ ከጎረቤቶቿ ጋር አጽድታ የበጋ ቲያትርና ሙዚቃ ማሳያ አደረገችው። ዱክ ኤሊንግተን ሳይቀር መጥቶ ተጫውቶበታል። ይህን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ከተማው ሜዳውን በተወበት ዘመን ሜዳውን ሜዳ አድርጎ ያቆየው ጎረቤቱ ነበር፤ ኋላ ገንዘብ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትም እሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 የከተማው አስተዳደር ስታዲየሙን አብሮት የሚያድስ አጋር በጨረታ ፈለገ። የቀረበው ተጫራች አንድ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የሴቶች እግር ኳስ ሊግ አዲስ ክለብ ሊያቋቁም የተነሣ የባለሀብቶች ስብስብ፣ ዛሬ ቦስተን ሌጋሲ የሚባለው። በዕቅዱ መሠረት አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ 11,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ይሠራል፤ ወጪውን ከተማውና ክለቡ ይካፈላሉ፤ ክለቡ በአሥር ዓመት ኪራይ በዓመት እስከ 20 ጨዋታ ያካሂድበታል፤ በቀረው ጊዜ ተማሪዎችና ሕዝቡ ይጠቀሙበታል። የከተማው ድርሻ 50 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ 91 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለፓርኮቹ ጥበቃ የቆመው ድርጅትና የአካባቢው ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ። የተመረኮዙት እ.ኤ.አ. በ1972 የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ውስጥ በገባ አንቀጽ ላይ ነው፤ የሕዝብ ፓርክ መሬት ለሌላ አገልግሎት እንዲውል የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል የሚል። ጉዳዩ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ተሰማ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ዳኛው ለከተማው ፈረዱ። የስታዲየሙ መሬት በዚያ አንቀጽ የሚጠበቅ የፓርክ መሬት መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። ከሳሾቹ ይግባኝ አሉ። ማፍረሱ ግን ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ተጀምሮ ነበር።

የፍርዱን ሕጋዊ ትክክለኛነት ለሕግ ባለሙያዎች እተዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ፍርድ ቤቱ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። የተጠየቀው ቁራጩ መሬት ፓርክ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር፤ የመሬት መዝገብ ተገለጠ፣ የ1940ዎቹ ዝውውር ተመረመረ፣ መልስ ተሰጠ። ከስታዲየሙ አጥር ውጭ ባለው ፓርክ የጨዋታ ቀን ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ የሕግ በር አልነበረም። ሕጉም እንደ ጋዜጣው ሁሉ የሚያየው መሬቱን ነው፤ ጊዜውን አያይም።

ስለ ዛፉ፣ በአጭሩ

በኋይት ስታዲየም ዙሪያ ወደ 145 የሚጠጉ ዛፎች እንዲቆረጡ፣ በምትካቸው ከ500 በላይ እንዲተከሉ ተወሰነ። ይህ ሒሳብ ከላይ ሲታይ ትርፍ ይመስላል። አይደለም። ዛፍ ለከተማ የሚሰጠው ጥቅም ጥላ፣ ቅዝቃዜ፣ የዝናብ ውሃን ይዞ ማቆየትና አየርን ማጥራት ሲሆን ይህ ሁሉ የሚመጣው ከቅጠሉ ስፋት ነው። ክንድ የሚያህል ግንድ ያለው ችግኝ የአንድን ትልቅ ዋርካ መሰል ዛፍ ጥላ ለመስጠት አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ዛሬ የስምንት ዓመት ልጅ የሆነ የሠፈሩ ልጅ በዚያ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ልጅ ከወለደ በኋላ ነው። በተጨማሪም የተተከለ ሁሉ እንደማይጸድቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። ችግኝ በሚተከልበት ዕለት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማን ያጠጣዋል፣ የደረቀውንስ ማን ይተካል የሚለው በውሉ ካልተጻፈ 500 የሚለው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ይህም ሆኖ በዛፍ ጥያቄ ብቻ ከሄድን የቦስተን ከተማ አስተዳደር መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። ኦልምስቴድ ራሱ ያንን የፓርኩን ጥግ ለተማሪዎች ጨዋታ የከለለው ነው፤ በንድፉ 30 ኤከር የሚሆን የጨዋታ መስክ ነበር። ስለዚህ ስታዲየሙ ድንግል ጫካ ወረረ የሚለው ክስ በታሪክ አይደገፍም። ግማሹ የተዘጋ፣ የፈረሰ፣ በኮንክሪትና በአስፋልት የታጠረ ስታዲየምም ለአካባቢ የሚጠቅመው ነገር የለም። መተውም ጉዳት ነው፤ እንዲያውም ረጅሙ ጉዳት እሱ ነው። በዚህ ረገድ ተቃዋሚዎቹ ክርክራቸውን በዛፍ ላይ ባተኮሩ መጠን ጠንካራውን ጉዳያቸውን አዳከሙት ብዬ አምናለሁ።

ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም

ጠንካራው ጉዳይ ይኸኛው ነው። ከተማው ለነዋሪው ደጋግሞ የሰጠው ማረጋገጫ ከስታዲየሙ የአገልግሎት ሰዓት ከ90 በመቶ በላዩ ለተማሪዎችና ለማኅበረሰቡ የተጠበቀ ነው የሚል ነበር። ቁጥሩን እውነት ነው ብለን እንቀበለው። ግን የትኞቹ 90 በመቶ? ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው፤ አባቱ ሥራ ላይ ነው፤ ስታዲየሙ ባዶ ነው። ያ ሰዓት ለሕዝቡ ተጠበቀ ቢባል ለማንም አልተሰጠም፣ ከማንም አልተነጠቀም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሰው ሁሉ የሚፈልገው ሰዓት ነው። ሊጉ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ይካሄዳል፤ ወደ 34 ሳምንት ያህል ብንቆጥረው 68 ቅዳሜና እሑድ ማለት ነው። ከ20 ጨዋታ 15ቱ በቅዳሜና እሑድ ቢውሉ፣ በሙቀቱ ወራት ካለው የዕረፍት ቀን ከአምስት አንድ የሚበልጠው ለክለቡ ሆነ። ቦስተን ደግሞ ክረምቷ ከባድ በረዶ ነው። የቀረው ጊዜ ብዙ ነው ሲባል ጥር ውስጥ ያለው በረዶ ያለበት ቀንም አብሮ ተቆጥሯል። መቶኛው ትክክል ሆኖ ሳለ ነዋሪው የተሰማው ነገርም ትክክል ነበር፤ ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለተለያየ ሰዓት ነው።

የሣሩ ነገርም አለ። አዲሱ ስታዲየም የተፈጥሮ ሣር እንዲኖረው ነው የታቀደው፤ ይህ ለአካባቢው ጥሩ ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል። ቦስተን ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፓርኮቿ ውስጥ አዲስ ሰው ሠራሽ ሣር እንዳይነጠፍ የወሰነች ከተማ ናት። ነገር ግን የተፈጥሮ ሣር ዕረፍት ይፈልጋል። ፕሮፌሽናል ሊግ የሚጫወትበት ሣር በሳምንቱ መካከል በአሜሪካ ፉትቦል ጫማ እንዲታረስ ክለቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ስታዲየሙን ከጅምሩ የራሳቸው አድርገው የኖሩት የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ቡድኖች የክለቡ የውድድር ዘመን እስኪያልቅ ሌላ ሜዳ መፈለግ አለባቸው የሚል ትልቅ ቅሬታ ተነሣ። ስምንት መስመር ያለው አዲስ የሩጫ መም ያገኘው ተማሪ ተጠቃሚ ነው፤ ፉትቦል የሚጫወተው ተማሪ ተጎጂ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ እድሳት፣ ለሁለት ተማሪዎች ሁለት የተለያየ ውጤት። «ተማሪዎች ይጠቀማሉ» የሚለው ጥቅል ንግግር ይህን ይሸፍናል፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ ስናሰፍረው ግን ወዲያው ይታያል።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ጎረቤት ደግሞ ሰዓቱን የሚያጣው በድምፅ፣ በመብራትና በመንገድ ነው። የድምፅ ማጉያ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በስድስት ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሜዳው ጠርዝ ላይ ያለው ቤትና ከሁለት መንገድ ወዲያ ያለው ቤት አንድ ዓይነት ምሽት አያሳልፉም። ከስታዲየሙ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተ የእንስሳት ማቆያም አለ፤ እንስሳት ጩኸቱን መርሐ ግብር ዓይተው አይዘጋጁበትም። ፓውዛው ወደ ታች የተደፋ ሆኖ ጨዋታው እንዳለቀ ካልጠፋ የሌሊት ወፍና የእሳት እራት ኑሮ ይናጋል፤ ወደ መኝታ ቤት መስኮት የሚገባው ብርሃን ደግሞ የሰውን እንቅልፍ ይነካል። መንገዱን በተመለከተ ከተማው አድማጭ ሆኖ ታይቷል ማለት ይቻላል፤ ቲኬት የያዘ ተመልካች ፓርኩ ውስጥ መኪና እንዳያቆም፣ ከባቡር ጣቢያና ከሩቅ ማቆሚያ በማመላለሻ አውቶቡስ እንዲመጣ፣ በጨዋታ ቀን በየሠፈሩ ያለው ማቆሚያ ለነዋሪ እንዲጠበቅ ታቅዷል። ዕቅዱ ጥሩ ነው። የሚፈተነው ግን 11,000 ሰው በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ አምቡላንስ የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ከሥራ የሚመለስ የአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ አስም ያለበት ልጅ አለ። ዕቅዱ ባይሠራ ምን ይሆናል የሚለው ከዕቅዱ እኩል መጻፍ ነበረበት፤ ለምሳሌ የመኪናው ብዛት ከተባለው በላይ ከሆነ የተመልካቹ ቁጥር በዚህን ያህል ይቀነሳል ተብሎ።

መለኪያው ለሁለቱም ወገን ይሠራል

ይህ የሰዓት መለኪያ ሁልጊዜ ለተቃዋሚው የሚያደላ አይምሰላችሁ። ለንደን ውስጥ ዊምብልደን ፓርክን እንውሰድ። የቴኒሱ ክለብ ከሜዳዎቹ ማዶ ያለውን የጎልፍ መስክ መሬት እ.ኤ.አ. በ1993 ከአካባቢው ምክር ቤት በ5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ክፍት መሬት ሆኖ እንዲቆይ የሚያስገድድ ቃል ኪዳን አብሮት ነበር። በ2018 የጎልፍ ክለቡን ኪራይ በ65 ሚሊዮን ፓውንድ አቋረጠ። አሁን 38 የሣር ሜዳዎችና 8,000 ተመልካች የሚይዝ አንድ ትልቅ ሜዳ ሊሠራበት ይፈልጋል። ከሁለቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች መርተን ፈቀደ፣ ዋንድስወርዝ ከለከለ፤ የለንደን ከተማ አስተዳደር ጉዳዩን ወስዶ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ፈቀደ፤ ነዋሪዎቹ ከሰሱ፣ በሐምሌ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ መሬቱ ለሕዝብ መዝናኛ በአደራ የተያዘ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ደግሞ ለብቻው ቀጠለ።

በዛፍ ብንቆጥር 300 ያህል የሚቆረጥበት ዕቅድ ነው፤ መስኩም የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ታዋቂ የመስክ ነዳፊ የኬፓቢሊቲ ብራውን ሥራ ቅሪት ነው። በሰዓት ስንቆጥር ግን ያልተጠበቀ ነገር ይመጣል። ያ መስክ ለዘመናት የጎልፍ አባላት ብቻ ነበር፤ ጎረቤቱ በአጥር አሻግሮ ያየው ነበር እንጂ አልረገጠውም። ክለቡ 9.4 ሄክታር ያህሉን ለሕዝብ የተከፈተ ፓርክ አደርገዋለሁ ብሏል። ይህ ከተፈጸመ ነዋሪው ከዜሮ ተነሥቶ ዓመቱን ሙሉ የሚረግጠው መሬት ያገኛል፤ የሜዳዎቹ ዋና ሥራ ደግሞ ለማጣሪያውና ለውድድሩ በዓመት ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የኔ መለኪያ ከተቃዋሚዎቹ ጋር አያቆመኝም። የሚያቆመኝ ሌላ ነገር ነው፤ የ1993ቱ ቃል ኪዳን። በጽሑፍ የገባ፣ ሁሉም የሚያውቀው ግዴታ ነበር። የሚያስከብረው ምክር ቤት ግን ራሱ ፈቃድ ሰጪ ሆነ። ዛሬ ለአዲሱ ፓርክ የሚገባው ቃል ከ30 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይደርሰው የሚያደርግ ምን አለ? ስለዚህ ውል ብቻውን አይበቃኝም፤ ጎረቤቱ ራሱ የውሉ ፈራሚ ሆኖ ሲጣስ በስሙ የሚከስበት መብት ሊኖረው ይገባል።

የሚነሡት መልሶች

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ክብደት ያላቸው መልሶች አሉ። የመጀመሪያው የሴቶች ስፖርት ነው። የወንዶች ቡድኖች በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ መሬት ሲሠራላቸው ዘመናት አልፈዋል፤ ሴቶቹ ተራቸው ሲደርስ ስለ ዲሲቤልና ስለ ጥላ ማንሣት አድልዎ አይሆንም ወይ? ይህ የሚያም ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስ የለኝም። ሆኖም የሴቶቹ ክለብ የተመደበው ሀብታሞች በሚኖሩበት ሠፈር አይደለም። ከወንዶች የተወሰደ ስታዲየም ሳይሆን ከተማሪና ከሠፈር ሰው ጋር የሚጋሩት ነው የተሰጣቸው። አንዱን ለረጅም ጊዜ የተረሳ ወገን ለመካስ ሌላውን የተረሳ ወገን ማስከፈል ፍትሕ ነው ብዬ መቀበል አልቻልኩም።

ሁለተኛው መልስ ገንዘብ ነው። ከተማው ብቻውን አቅም አልነበረውም፣ ከክለቡ ጋር ባይተባበር ስታዲየሙ ፈርሶ ይቀር ነበር ይባላል። ክለቡ በዓመት 400 ሺህ ዶላር ኪራይና 500 ሺህ ዶላር ለማኅበረሰብ ፈንድ ሊከፍል ተስማምቷል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ተቃዋሚዎቹ ግን ለተማሪዎች ብቻ የሚሆን፣ አነስ ያለ እድሳት በጣም ባነሰ ወጪ ይቻላል ብለው ንድፍ አቅርበው ነበር። ሁለቱ ዕቅዶች ገና ከጠዋቱ ጎን ለጎን ለሕዝብ ቀርበው ቢሆን ኖሮ ምርጫው ምርጫ ይሆን ነበር። የሆነው ግን በተቃራኒው ነው፤ አንድ ተጫራች መጣ፣ አጋር ተመረጠ፣ ከዚያ ምክክር ተጀመረ። በዚህ ቅደም ተከተል የሚካሄድ ስብሰባ ነዋሪውን የሚያሳትፈው በቀለምና በመግቢያ በር ምርጫ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ነው። ከንቲባ ሚሼል ዉ በመስከረም 2025 በተካሄደው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ስታዲየሙን መከራከሪያ ያደረገውን ተፎካካሪያቸውን ጆሽ ክራፍትን በሰፊ ልዩነት አሸንፈዋል፤ ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው፤ እሱም ከውድድሩ ወጣ። ሕዝቡ ፈረደ የሚሉ አሉ። አንድ ከተማ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ስደተኞች ሁሉ በአንድ ወረቀት ድምፅ ሲሰጥ፣ የአንድ ፓርክ አጎራባች ስለ ቅዳሜ ምሽቱ የተናገረውን ማወቅ አይቻልም። ምርጫው ከንቲባዋ እንዲመሩ ፈቅዷል። የጎረቤቱን ሰዓት ለመውሰድ የጎረቤቱን ስምምነት መጠየቅ ከዚያ በኋላም ይቀራል።

የራሴ ፍርድ ይህ ነው። ኋይት ስታዲየም መታደስ ነበረበት፤ ፈርሶ መቆየቱ ለተማሪዎቹ ውርደት ነበር። ክለቡም ቦታ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ውሉ በጠቅላላ መቶኛ ሳይሆን በስም በተጠሩ ቀናት መጻፍ ነበረበት፤ የጨዋታ ቅዳሜዎች በወር ከሁለት አይበልጡም፣ የሠፈሩ ዓመታዊ በዓላት በሚውሉባቸው ቀናት ጨዋታ የለም፣ ፓውዛ ከዚህ ሰዓት በኋላ አይበራም ተብሎ። አሥር ዓመቱ ሲያልቅ ውሉን ለማደስ የሚጠየቀውም ከተማው ብቻ ሊሆን አይገባም።

የእኛ ሜዳዎች

ሜዳ አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ አንድ ግድግዳ ሳይቆም እንደሚጠፋ የአዲስ አበባ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ የሰው ሕይወት ማትረፍ ነበር፤ ያኔ የተወሰደውን እርምጃ አልኮንንም። ነገር ግን የጥምቀት ማደሪያ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር ስፍራ፣ የገና ጨዋታ ሜዳ የሆነው ቦታ ለወራት በጭቃ፣ በጭነት መኪናና በበሰበሰ አትክልት ተሞላ። ጥምቀት በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ ሜዳው በብዙ ሰው ጉልበት ተጠርጎ ለታቦታቱ ደረሰ። ያ ሁሉ የሆነው ጊዜያዊ በተባለ ውሳኔ ነው። ጊዜያዊ ሲባል እስከ መቼ እንደሆነ፣ ሜዳው በምን ሁኔታ እንደሚመለስ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ቢኖር ኖሮ የአካባቢው ሰው ያን ያህል ባልተጨነቀ።

ዛሬ ደግሞ በከተማችን ብዙ የሠፈር ሜዳዎች ሰው ሠራሽ ሣር እየለበሱ ነው። ይህንንም በሰዓት ብንመዝነው መጀመሪያ የምናገኘው ጥቅሙን ነው፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ የነበረ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ ያጫውታል። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፤ እውነት ነው። ሆኖም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ ዩታ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በሜዳው ላይ በለካው መሠረት የሰው ሠራሹ ሣር ገጽ በአማካይ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የተፈጥሮው ሣር 26 ብቻ ነበር፤ አስፋልቱ እንኳ ከሰው ሠራሹ ሣር ይቀዘቅዝ ነበር። በሣሩ መካከል የሚፈሰሰው የጎማ ፍርፋሪ በጎርፍና በጫማ ይወጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህን ፍርፋሪ ከጥቅምት 2031 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ በ2023 ወስኗል። የአዲስ አበባ ክረምት ጎርፍ የት እንደሚሄድ ደግሞ እናውቃለን፤ ወደ ቀበናና ወደ ሌሎቹ ወንዞች፣ ከዚያ ወደ አቃቂ፣ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ወደ አዋሽ። በመንገዱ ላይ በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ፍርፋሪውን በአሸዋ ወይም በቡሽ መተካት፣ በሜዳው ዙሪያ መከለያ፣ በውሃ መውረጃው ላይ ማጣሪያ ማድረግ የሚቻል ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይም ብዙ አያስፈራም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሠፈር ሜዳ ኳስ ብቻ የማይጫወቱበት መሆኑ ነው። የመስቀል ዋዜማ ደመራ የሚደመረው፣ ሰው ሲሞት የእድር ድንኳን የሚተከለው፣ ሠርግ ሲሆን ከቤት የተረፈው ሰው የሚስተናገደው እዚያ ነው። በሰው ሠራሽ ሣር ላይ እሳት አይለኮስም፤ የድንኳን ካስማም አይመታም። አጥርና በር ሲገባለት ደግሞ ቁልፍ ይመጣል፤ ከቁልፍ ጋር ቁልፍ ያዥ፣ ከቁልፍ ያዥ ጋር የሰዓት ክፍያ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሜዳው ንጹሕና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ መክፈል የማይችለው ልጅ በሽቦው አሻግሮ ያያል። ስለዚህ ወረዳው የአዲሱን ሜዳ ንድፍ ይዞ ሲመጣ የእድሩ ዳኞች፣ እናቶችና ወጣቶቹ ከሥዕሉ ጋር አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይጠይቁ፤ በሳምንቱ ውስጥ ያለ ክፍያ የሚከፈትባቸው ሰዓታት ከነቀናቸው የተጻፉበት፣ ቅዳሜና እሑድ የተካተቱበት፣ ለደመራና ለድንኳን ሣር የማይነጠፍበት ጥግ የተለየበት፣ የወረዳው ማኅተምና የነዋሪው ተወካዮች ፊርማ ያረፈበት ወረቀት። ቅጂው በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ግንባታው የሚጀመረው ያ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ይሁን።